በኢግቦ ቤት የኮላ ፍሬ ሲቀርብልዎ፦ ከሰላምታ እስከ ስንብት ደረጃ በደረጃ

ኢግቦ ቤት ለገባ እንግዳ ከምግብም ከመጠጥም በፊት የሚቀርበው ኦጂ ነው፤ እኛ የኮላ ፍሬ የምንለው። ኦጂ ያልቀረበለት እንግዳ በወጉ ገና አልተቀበሉትም። ኦጂ ሳይቆረስም የመጣበትን ጉዳይ አያነሣም። ፍሬው ትንሽ ነው፣ ይመርራል፣ የሚደርስዎም ቁራሽ ብቻ ነው። ሆኖም ያቺ ቁራሽ እጅዎ እስክትገባ ረዘም ያለ ጊዜ ሊያልፍ ይችላል። ማን ለማን ታላቅ እንደሆነ፣ ከየትኛው መንደር ማን እንደመጣ፣ ባለቤቱ ለእንግዳው ምን እንደሚመኝ የሚነገረው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ አይቸኩሉ፣ ያድምጡ።

ኢግቦዎች አገራቸው ደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ ነው፤ አቢያ፣ አናምብራ፣ ኢቦኒ፣ ኤኑጉና ኢሞ በሚባሉት አምስት ግዛቶች ይኖራሉ፣ በዴልታና በሪቨርስም ብዙ ናቸው። ከአገር ውጭ ደግሞ ሐበሻ በብዛት በሚኖርባቸው እንደ ሂዩስተን፣ ሜሪላንድና ለንደን ባሉ ቦታዎች ይገኛሉ። በሥራ፣ በጉርብትና ወይም በጋብቻ ከእነሱ ጋር የተገናኘ ሰው አንድ ቀን ይህ ሳህን ፊቱ ይቀርባል። ያን ቀን ግራ እንዳይገባዎ ነው ይህን መጻፌ።

ሥርዓቱ ከመንደር መንደር ይለያያል። እዚህ የማቀርበው በአብዛኛው ቦታ የሚሠራበትን ነው። ልዩነት ሲያጋጥምዎ አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው የሚያደርገውን ያድርጉ፤ ማንም አይቀየምዎትም።

1. ከመሄድዎ በፊት ቀኑን ይጠይቁ

በባህላዊው አቆጣጠር የኢግቦ ሳምንት አራት ቀን ነው፦ ኤኬ፣ ኦሪዬ፣ አፎ፣ ንክዎ። አራቱም የገበያ ቀኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ ከተማ ግን ከአራቱ የራሱ የሆነ ዋና ቀን አለው። የአውካ ገበያ ኤኬ አውካ፣ የንኔዊው ንክዎ ንኔዊ የተባለው ለዚህ ነው። ሰባት እንዲህ ያሉ ሳምንታት 28 ቀን ያለው አንድ ወር ይሞላሉ፣ ዓመቱም 13 ወር ይሆናል። የ13 ወር ፀጋ እየሰማ ላደገ ሰው ይህን ማወቅ ደስ ይላል፤ ጨዋታ ለመጀመርም ጥሩ ርዕስ ነው።

ገጠር ወዳለ ቤት የሚሄዱ ከሆነ ዕለቱ የአካባቢው ዋና ገበያ እንዳይሆን ይጠይቁ። አለዚያ ሰው ሁሉ ገበያ ወርዶ ቤቱን ባዶ ያገኙታል። የገበያ ቀኖቹን ካወቁ ደግሞ የሰዎቹ ስሞች ራሳቸው የልደት ቀን ይነግሩዎታል። ኦኬኬ በኤኬ፣ ኦኮሪዬ በኦሪዬ፣ ኦካፎር በአፎ፣ ኦኮንክዎ በንክዎ ለተወለደ ወንድ ልጅ የሚወጣ ስም ነበር። ዛሬ በአብዛኛው የቤተሰብ ስም ሆነዋል። የሥራ ባልደረባዎ ኦካፎር ከሆነ ከአያቶቹ አንዱ በአፎ ቀን ተወልዷል ማለት ነው።

ብዙ ሰው በአንድ ላይ የሚገኘው በፈረንጆቹ ገና ሰሞን ነው። ከሌጎስም ከውጭ አገርም ያለው ሁሉ ወደ አባቱ መንደር ይገባል፣ ሠርጉም የቤተ ዘመድ ስብሰባውም የሚደረገው ያኔ ነው። በኦገስት አካባቢ ደግሞ አዲስ የደረሰ ያም (ቦዬ) የሚቀመስበት ኢሪ ጂ የሚባለው በዓል አለ። በሁለቱም ጊዜ ኮላ ሳይቀርብ የሚጀመር ነገር የለም።

2. ሰላምታውን በአፍዎ ይለማመዱ

ኢግቦኛ «አንተ» እና «እርስዎ» ብሎ አይለይም። ለሽማግሌም ለሕፃንም አንድ ተውላጠ ስም ነው ያለው። «እሱ» እና «እሷ» እንኳ አንድ ናቸው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ አክብሮት የሌለ ይመስለዋል፤ እንዲያ አይደለም። አክብሮቱ ያለው በአጠራርና በአኳኋን ላይ ነው። ታላቅን በደረቅ ስሙ አይጠሩም። ለጎልማሳ ወንድ ማዚ ይባላል፣ ለእናት ዕድሜ ላላት ሴት ንኔ፣ በአቢያና በኢሞ ብዙ ቦታዎች ለታላቅ ወንድ ዴዴ። ቀይ ቆብ ያደረገ ሰው ካዩ በአብዛኛው ባለ ማዕረግ ነውና የሚጠራበትን የማዕረግ ስም አስቀድመው ከወዳጅዎ ይጠይቁ። በብዙ ከተሞች ባህላዊው ንጉሥ ኢግዌ ይባላል፣ ሲገባም ሰው ሁሉ በዚሁ ስም ነው የሚጠራው።

ሊያጠኗቸው የሚገቡት ጥቂት ናቸው። ባለቤቱ «ንኖ» ቢልዎ እንኳን ደህና መጡ ማለቱ ነው፤ «ዳሉ» ብለው ያመስግኑ። «ኬዱ?» እንዴት ነህ ነው፣ መልሱ «ኦ ዲ ማ»። ጠዋት ከሄዱ «ኢ ቦላ ቺ?» ይላሉ፣ ነጋልህ ወይ እንደማለት ነው። «ቢኮ» እባክህ ነው። ለሰው ሁሉ የሚሆን አክብሮት ያለው ሰላምታ «ንዴዎ» ነው። ማታ ሲለያዩ «ካ ቺ ፎ» ይባላል፤ ይንጋልን።

ድምፁ ላይ ትንሽ ድካም አለ። «ኢግቦ» ሲሉ «ግ» እና «ቦ» ተለያይተው መነበብ የለባቸውም። ከንፈርዎን ለ«ብ» ይዝጉ፣ በዚያው ቅጽበት ምላስዎን ወደ ኋላ ለ«ግ» ያስደግፉ፣ ከዚያ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይልቀቁ። በተጨማሪም ኢግቦኛ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም የሚለውጥበት ቋንቋ ነው። እኛ «አክዋ» ብለን የምንጽፈው እንደ ከፍታው ለቅሶ፣ ልብስ፣ እንቁላል ወይም አልጋ ይሆናል። በተረፈ በእኛ ፊደል «ኦ» ብዬ የጻፍኩት የኢግቦን ሁለት የተለያዩ አናባቢዎች ይሸፍናል። ስለዚህ ከዚህ ጽሑፍ ብቻ አይማሩ። ወዳጅዎ ሰላምታዎቹን በድምፅ ቀድቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁና እየሰሙ ይድገሙ።

ታናሽ ቀድሞ ሰላም ይላል፣ እጁን የሚዘረጋው ግን ታላቁ ነው። የቀኝ እጅዎን ብቻ ይጠቀሙ፤ በግራ መስጠትም መቀበልም ስድብ ያህል ነው። ባለ ማዕረጎች እርስ በእርስ ሲገናኙ የእጃቸውን ጀርባ ደጋግመው አጋጭተው በመጨረሻ ይጨባበጣሉ። ያምራል፣ ነገር ግን የእነሱ ነውና አይሞክሩት።

3. ያስቀመጡዎት ቦታ ይቀመጡ

በባህላዊ ግቢ የአባወራው መቀበያ ቤት ኦቢ ይባላል። ቦታው በዕድሜና በዝምድና የተደለደለ ስለሆነ ራስዎ አይምረጡ። የሚነጋገሩ ሽማግሌዎች መካከል አያቋርጡ።

በአናምብራ፣ በተለይ በንሪና በአካባቢው፣ ከኮላው በፊት ንዙ የሚሉት ነጭ አፈር ሊቀርብ ይችላል። እንግዳው በእሱ መሬት ላይ መስመሮች ያሰምራል፤ ብዙውን ጊዜ ለአራቱ ቀኖች አራት ነው፣ ባለ ማዕረግ ከዚያ በላይ ያሰምራል። በንጹሕ ልብ መጣሁ ማለት ነው። ካልፈለጉ አፈሩን በቀኝ እጅዎ ነክተው ለሚቀጥለው ቢያሳልፉት ነውር አይደለም።

4. ሳህኑ ሲመጣ ምን እንደሚያዩ ይወቁ

ባለቤቱ ወይም ልጁ ሳህኑን ይዞ ሲመጣ «ኦጂ አቢያላ» ይባላል፤ ኮላ መጣ። ሳህኑ ከእንጨት የተፈለፈለ ከሆነ ኦክዋ ኦጂ ይሉታል፤ በመካከሉ ቅመም የሚቀመጥባት ክዳን ያላት ጉድጓድ አለችው። በከተማ ቤት የሸክላ ሳህንም ይሁን ትሪ ችግር የለውም።

ሁለት ዓይነት ኮላ አለ፣ ልዩነታቸውን ማወቅ ያስከብርዎታል። አንደኛው ጎሮ የሚባለው ነው፤ ለሁለት ብቻ ይከፈላል፣ ወደ ሰሜን ናይጄሪያ በብዛት የሚሸጠውም እሱ ነው። ሁለተኛው ኦጂ ኢግቦ ነው፤ ከሦስት እስከ ስድስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይከፈላል። ለጸሎትና ለሥርዓት የሚፈለገው ይህ ነው። ወግ አጥባቂ ሽማግሌ ባለበት ጎሮ ብቻ ቢቀርብ ቅሬታ ይነሣል።

ከኮላው ጎን ሌሎች ነገሮች ያያሉ። ኦሴ ኦጂ የሚሉት ቅመም ቡናማ ቆዳ ውስጥ የታጨቁ ጥቃቅን ፍሬዎች ናቸው፤ የእኛው የኮረሪማ የቅርብ ዘመድ ነው፣ የሚያቃጥል ግን ነው። በኤኑጉ አካባቢ ደግሞ በኦቾሎኒና በበርበሬ የተፈጨ ወፍራም ማባያ በዚሁ ስም ይጠራል። ኦቾሎኒ የማይስማማዎ ከሆነ ሳያፍሩ አስቀድመው ይናገሩ። እንቁላል የሚያካክሉ ነጭና አረንጓዴ ደበርጃኖችም ሊኖሩ ይችላሉ፤ ጥሬያቸውን ነው የሚበሉት።

ፍሬ ከሳህኑ አያንሡ። ገና ለመታየት ነው የመጣው።

5. ዙሩን ይከተሉ

እዚህ ላይ ነው ባዕድ ሰው የሚሰለቸው፣ ነገሩ ያለው ግን እዚሁ ላይ ነው። ባለቤቱ ሳህኑን ለእንግዳው በቀጥታ አይሰጥም። መጀመሪያ ለራሱ ወገን ታላቅ ያሳያል፣ ከእሱ በዝምድና ቅደም ተከተል ወደ ሌሎቹ ያልፋል፣ ከዚያ ወደ ጎረቤት መንደር ሰዎች፣ በመጨረሻ ከሩቅ ወደመጣው። በትልቅ ስብሰባ የየከተማው ስም እየተጠራ ነው የሚዞረው። የማን ቤት ከማን ቤት እንደሚቀድም፣ የትኛው መንደር ከየትኛው እንደተከፈለ በዚያ ዙር ይታያል። ቅደም ተከተሉ ሲሳሳት የሚነሣውን ክርክር መስማት የአንድ አካባቢ ታሪክ እንደመማር ነው።

ሳህኑ እርስዎ ጋ ሲደርስ በቀኝ እጅዎ ይቀበሉ ወይም ጠርዙን ይንኩ፣ በአክብሮት ይመልከቱ፣ ለሚቀጥለው ያሳልፉ። ዙሩ ሲያልቅ ሳህኑ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ያኔ የሚባለው «ኦጂ ኤዜ ዲ ኤዜ ናካ» ነው፤ የንጉሥ ኮላ በንጉሥ እጅ ነው፣ ማለትም አይተነዋል፣ ባለቤቱ አንተ ነህ። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር አጥንተው ቢሉት ቤቱ በደስታ ይሞላል። ከባዕድ ሰው አፍ አይጠብቁትም።

6. ጸሎቱን ይስሙ፣ መልሱንም ይወቁ

ጸሎቱን የሚያደርገው አብዛኛውን ጊዜ በቦታው ካሉት በዕድሜ የሚበልጠው ወንድ ነው። አንዱን ፍሬ በቀኝ እጁ ከፍ አድርጎ ይይዛል። የሚጸልየው በኢግቦኛ ነው። «ኦጂ አናጊ አኑ ቤኬ» ይላሉ፤ ኮላ እንግሊዝኛ አይሰማም። ይህን እንደ ቀልድ የሚያነሡት ብዙዎች ናቸው፣ ጉዳዩ ግን ከባድ ነው። በሌጎስና በውጭ አገር ያደጉ ብዙ የኢግቦ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር በእንግሊዝኛ ነው የሚነጋገሩት። እንግሊዝኛ ደጅ የሚቀርበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው፤ አንድ የ20 ዓመት ወጣት ኮላ ፊት ለመቆም ሲል የአያቱን ቃላት ይማራል። እኔ ለዚህ ሥርዓት ያለኝ ፍቅር በዋናነት ከዚህ የመጣ ነው። እርስዎም እንግሊዝኛ ችለው እንኳ «ምን አለ?» እያሉ ጸሎቱን አያቋርጡ፤ ትርጉሙን በኋላ ይጠይቁ።

ጸሎቱ ፈጣሪን ቹኩን ይጠራል፣ በባህላዊ ቤት ምድርን፣ አላን፣ እና ያለፉ አባቶችን ይጨምራል። ከዚያ የሚለመነው ሕይወት፣ ጤና፣ ልጅ፣ ሰላም ነው። ከሚደጋገሙት አንዱ «ኦኜ ዌታራ ኦጂ ዌታራ ንዱ» ነው፤ ኮላ ያመጣ ሕይወት አመጣ። ሌላው «ኤግቤ ቤሬ፣ ኡጎ ቤሬ» ነው፤ ጭልፊትም ይረፍ፣ ንስርም ይረፍ፣ አንዱ ሌላውን አትረፍ ቢል ክንፉ ይሰበር። ከእያንዳንዱ ምኞት በኋላ ሰዉ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ኢሴ!» ይላል፤ አሜን እንደማለት ነው። ሽማግሌው እየፈጠነ ሲሄድ መልሱም ይፈጥናል፣ መጨረሻ ላይ ቤቱ ሁሉ የሚናገረው በአንድ አፍ ይመስላል።

የሃይማኖት ጥያቄ ላለበት ሰው ልናገር። ዛሬ አብዛኛው ኢግቦ ክርስቲያን ነው፤ በብዙ ቤት ጸሎቱ የሚደመደመው በኢየሱስ ስም ነው፣ ለአባቶች የሚደረገውም ተትቷል። በሌላ ቤት ግን ሽማግሌው ለአባቶች ጥቂት የዘንባባ መጠጥ መሬት ላይ ሊያፈስ፣ ከኮላውም ቁራሽ ሊጥል ይችላል። ሕሊናዎ የማይፈቅድልዎ ከሆነ ዝም ብለው ይቀመጡ፤ «ኢሴ» አለማለት ማንንም አያስከፋም። ተነሥቶ መውጣት ግን ያስከፋል።

በክብር ጸልይልን ቢሉዎ ፍሬውን በቀኝ እጅዎ ይዘው ለታላቁ ይመልሱ።

7. ሲቆረስ ልብ ብለው ይዩ

ቆራሹ እንደ አካባቢው ታላቁ ራሱ ወይም ከወጣቶቹ አንዱ ነው። ጥፍሩን ወይም ትንሽ ቢላ በፍሬው ስፌት ላይ ያስገባል። ኦጂ ኢግቦ ጥሩ ሆኖ ሲበስል በስፌቱ ላይ በቀላሉ ይላቀቃል፤ ውስጡ ሮዝ፣ ቀይ ወይም ነጭ ነው፣ አየር ሲነካው ወደ ቡናማ ይለወጣል። ከዚያ ሁሉም አንገቱን ሰገግ ያደርጋል፤ ስንት ሆነ?

ሦስት ከሆነ የጀግና፣ የብርታት ኮላ ይሉታል። አራት ከሆነ አራቱ ቀኖች ናቸው፤ ሙሉነትና ሰላም፣ ብዙዎች የሚደሰቱበት ነው። አምስት የልጅና የሀብት በረከት ነው። ስድስት ሲገኝ አባቶች ከእኛ ጋር ናቸው የሚሉ አሉ። ትርጓሜው በየቦታው መጠነኛ ልዩነት አለው፣ ስለዚህ «አራት ነው፣ እሰይ!» ከማለትዎ በፊት የሽማግሌውን ፊት ይመልከቱ። ከነጭራሹ ያልተከፈለ ፍሬ ካጋጠመ ድዳ ኮላ ይባላል፣ ለጸሎት አይሆንም፣ ሌላ ይነሣል።

8. ይብሉ

ቀድሞ የሚቀምሰው የባለቤቱ ወገን ነው፤ የሚያስፈራ ነገር እንደሌለበት ማሳያ ነው። ከዚያ ከወጣቶቹ አንዱ ያድላል። ቁራሹን በቀኝ እጅዎ ይውሰዱ፣ ማባያ ካለ ጫፉን ነከር ያድርጉ፣ ቀስ ብለው ያኝኩ። መጀመሪያ ይመርራል፣ አፍን ይጨብጣል። ፊትዎን አያጨማድዱ። ቆይቶ ውሃ ቢጠጡበት ውሃው ይጣፍጣል። እንደ ቡና ካፌይን አለበትና ማታ ከሆነ ትንሽ ቁራሽ ይበቃዎታል።

ጾመኛ ከሆኑ ኮላ የተክል ፍሬ ስለሆነ ችግር የለበትም። ከሰዓት በፊት እህል የማይቀምሱ ወይም ረመዳን የያዙ ከሆነ ቁራሹን ተቀብለው በንጹሕ መሐረብ ይያዙ፣ ማታ እንደሚበሉት ይንገሩ። አለመቀበል ከባድ ነው፣ ማቆየት ግን ይገባቸዋል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ምግብ ግን ብዙውን ጊዜ የደረቀ ዓሣና ክሬይፊሽ የሚሉት የደረቀ ትናንሽ ሽሪምፕ ያለበት ነው፤ ስለ እሱ አስቀድመው ይጠይቁ።

9. ሴት እንግዳ ከሆኑ

በወጉ ሴት ኮላ አታቀርብም፣ አትጸልይበትም፣ አትቆርስም። ሴቶች ብቻ በተሰበሰቡበት እንኳ ወንድ ልጅ፣ ሕፃንም ቢሆን፣ ተጠርቶ ይቆርሳል። ድርሻዋን ግን ታገኛለች። ይህ ይለወጥ የሚሉ የኢግቦ ሴቶች አሉ፣ ክርክሩንም የሚመሩት እነሱ ራሳቸው ናቸው። እንግዳ በሰው ገበታ ላይ ሊከፍተው አይገባም ባይ ነኝ፤ የቤቱ ሴቶች ካነሡት ግን ጆሮ ሰጥተው ይስሙ።

10. አንዱን ይዘው ይሂዱ

ባለቤቱ አንድ ያልተቆረሰ ፍሬ ከሰጠዎ ለቤትዎ ነው። ኮላ ቤት ሲደርስ ከየት እንደመጣ ይናገራል ይባላል። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ ያሳዩ፣ የሰጠዎትን ሰው ስም ይንገሩ። ሲሰናበቱ «ኢሜላ» ይበሉ፤ ከ«ዳሉ» ጋር አንድ ዓይነት ምስጋና ነው።

ጉዳዩ ጋብቻ ከሆነ

የኢግቦ ልጅ ለማግባት የሚሄድ ሐበሻ ከላይ ያለውን ሁሉ በእጥፍ ጥንቃቄ ያድርገው። የመጀመሪያው ጉብኝት ኢኩ አካ ይባላል፤ በር ማንኳኳት ነው። ጠያቂው ብቻውን አይሄድም፤ አባት ወይም አጎት፣ ከተቻለም ኢግቦኛ የሚችል ተናጋሪ ይዞ ይሄዳል። ሽማግሌ መላክን ለሚያውቅ ይህ አያስቸግረውም። ኮላና የዘንባባ መጠጥ ይዘው የሚመጡት ጠያቂዎቹ ናቸው። ልጅቷ ተጠርታ መጠጡ ይጠጣ ወይ ተብላ በሰዎች ፊት ትጠየቃለች። ቀጥሎ ስለ ጥሎሽ የሚደረግ ድርድርና የስጦታ ዝርዝር ይመጣል፤ ዝርዝሩን ከመንደሩ ሰው በጽሑፍ ይቀበሉ፣ ከመንደር መንደር በጣም ይለያያልና። ዋናው ሥነ ሥርዓት ኢግባ ንክዉ ነው። ሙሽራይቱ በዘንባባ መጠጥ የተሞላ ጽዋ ይዛ በሕዝቡ መካከል ባሏን ትፈልጋለች፤ ወንዶቹ ሁሉ ወደ እኔ ነይ እያሉ ያታልሏታል፣ ስታገኘው ተንበርክካ ትሰጠዋለች። ሙሽራው ጽዋውን ጨርሶ ገንዘብ ጨምሮበት ይመልስላት፣ አብረው ወደ አባቷ ይሂዱ። ጽዋው ባዶውን አይመለስ።

እርስዎ ጋባዥ ሲሆኑ

የኢግቦ ወዳጅዎን ቤትዎ ሲጠሩ ኮላ ለማቅረብ ይሞክሩ። የምዕራብ አፍሪካ ሸቀጥ የሚሸጡ ሱቆች ይሸጡታል፤ ባለ ብዙ ክፍሉን ኦጂ ኢግቦ ብለው ይጠይቁ። ቀዳዳ ያለበትን ይተዉ፣ ነቀዝ ገብቶታል። የተቀረውን በእርጥብ ቅጠል ወይም በእርጥብ ወረቀት ጠቅልለው ፍሪጅ ያስቀምጡ፤ ከደረቀ ይጠነክራል። ኮላ ካላገኙ «መራራ ኮላ» የሚባለውን ሌላ ፍሬ፣ ደበርጃን ወይም መጠጥ ያቅርቡና «ኮላ አላገኘሁም፣ ይህን ተቀበሉኝ» ይበሉ፤ ይህ ይቅርታ ራሱ የወጉ ክፍል ነው። ሳህኑን በቀኝ እጅዎ ለእንግዳዎ ያሳዩና ጸሎቱን በኢግቦኛ እንዲያደርግ ለእሱ ይተዉለት።